የግራ ትከሻ

የእናቴ የስፌት መኪና ከቤታችን የወጣችው በሁለት ተሸካሚዎች መሐል ሆና ነው። አባቴ ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በራችን ላይ ቆማ «ቀስ በሉ! ግድግዳው እንዳይነካችሁ!» እያለች ታዛቸዋለች። እኔ ለግድግዳችን ያሰበች መስሎኝ በልቤ አመሰገንኳት። ያሰበችው ለመኪናዋ ቀለም ነበር።

«የወንድሜ ማስታወሻ ናት» አለቻት ለእናቴ። «አንቺማ ምን ቸገረሽ፣ እጅ አለሽ።»

አባቴ መኪናዋን የገዛት ለእናቴ እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ከገዛትም ወዲህ ከእናቴ ሌላ ማንም አልነካትም፤ እኔ እንኳ ፔዳሏን በእግሬ የሞከርኩ ቀን በክር መጠቅለያ ተመትቻለሁ። እናቴ ግን ለአክስቴ ምንም አልመለሰችም። መኪናዋ ከወጣች በኋላ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክቶች ቀሩ። እናቴ እነሱ መሐል በርጩማ አስቀመጠችና ያንኑ ዕለት ከሰዓት በእጇ መስፋት ጀመረች። ዝምታዋን ደካማነት ብዬ ተረጎምኩት። እናቴ ቂም ስትይዝ ድምፅ እንደማታሰማ ያኔ አላወቅኩም።

አክስቴን «አንቱ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ናት። ትንሽ በቀል ናት፣ ግን ትጣፍጣለች።

እናቴ በሜትር ለክታ አታውቅም። መለኪያዋ እጇ ነው፤ ስንዝር፣ ጣት፣ ረዘም ላለው ነገር ክንድ። ደንበኛ ሲመጣ ወለሉ መሐል ታቆመውና ከአንገቱ ጀምራ ጀርባውን በስንዝር ትወርደዋለች፤ አውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ አውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት። ከዚያ ክር ትቆርጥና ትቋጥራለች። ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ አንድ፣ ለርዝመት አንድ። የየደንበኛው ክር ከበራችን ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የዳቦ ጋጋሪዋ ቀይ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሰማያዊ፣ የአክስቴ ጥቁር። ሰው ሲወፍር እናቴ ክሩን አውርዳ አንዱን ቋጠሮ ፈትታ ዝቅ ታደርገዋለች። ዳቦ ጋጋሪዋ በየዓመቱ «ዘንድሮስ ስንት ጣት ጨመርኩ?» ትላታለች፣ እናቴም «የጣትሽን ነገር ተይው፣ ክሩ ሊያልቅብኝ ነው» ትላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

የአክስቴ ክር ከሌሎቹ ይለያል። ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የአንደኛው ጭራ ቋጠሮ ከሌላኛው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ጥቁር ክር አልቆባት የቀጠለችው ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋ በተወሰደች በዓመቷ አክስቴ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች። በአንድ እጇ አረንጓዴ ሳቲን ጨርቅ ይዛለች፣ በሌላው ትንሽ ክብ ሳጥን።

«ልጄ ሊመረቅ ነው» አለች ሳትቀመጥ። «አንደኛ ወጥቶ! ተሸላሚዎቹን ከነእናቶቻቸው መድረክ ላይ ይጠሯቸዋል አሉ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«ሰፊ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። እንዳንቺ ገላዬን የሚያውቅ አጣሁ። ይኼ ጨርቅ ደግሞ በእጅ አይሰፋም፤ መኪናዋን ነገ አስልክልሻለሁ። ቀሚሱ ካማረልኝ እዚሁ ትቅርልሽ።»

መኪናዋ ልትመለስ ነው! እናቴ ጣቷን በመርፌ እየተወጋች ማደሯ ሊቀር ነው። ዘልዬ አክስቴን ጉልበቷ ላይ ሳምኳት። ዛሬ ያንን መሳም ብችል ከጉልበቷ ላይ ፍቄ እወስደው ነበር።

«ግን» አለች አክስቴ ሳጥኑን እየከፈተች፣ «በሜትር ነው የምትለኪኝ። በጣት መዳበስ ሰልችቶኛል። ሥልጡን ሰው እኮ በሜትር ነው የሚያሰፋው፤ ጓደኞቼ በስንዝር እንደምለካ ቢሰሙ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ከሳጥኑ ውስጥ የወጣው ቢጫ ሜትር ነበር። እናቴ ተቀብላው ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አክስቴን አየቻት። ከዚያ እንደገና ሜትሩን።

«እኔ ቁጥሩን አላነበውም» አለች።

«ልጅሽ አለች አይደል? ትምህርት ቤት የምትውለው ምን ልትሠራ ነው?»

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን በዚያው ሰሞን ሜትርን አስተምሮን ነበር። መቶ ሴንቲ ሜትር አንድ ሜትር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። አክስቴ እንደወጣች ሜትሩን ይዤ ቤቱን አመስኩት። አልጋውን ለካሁ፣ በሩን ለካሁ፣ የጎረቤት ድመት ጅራቷን ልለካ ስል ቧጨረችኝ። መጨረሻ ላይ የእናቴን ስንዝር ለካሁት፤ ሃያ ሴንቲ ከግማሽ ሆነ።

«እማ፣ ስንዝርሽ ልክ አይደለም» አልኳት። «ሃያ መሆን ነበረበት።»

ሳቀች። ከዚያ «ይኼ ሜትር የማን ክንድ ነው?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም። ለሁሉም ሰው አንድ ነው።»

«የማንም ካልሆነ ማንን ያውቃል?»

እናቴ ያልተማረች ስለሆነች አዘንኩላት። እሷ ሜትሩን ጠቅልላ ወደ ሳጥኑ መለሰችና ክዳኑ ላይ ጣቷን አድርጋ ቁጭ አለች። ጥያቄውን የጠየቀችው ለራሷ እንደነበረ፣ መልሱንም እዚያው እንዳገኘችው አሁን ይገባኛል።

በማግስቱ መኪናዋ መጣች፤ አራቱ እግሮቿ አራቱ ምልክቶች ላይ ልክ ገቡ። ከሰዓት አክስቴ ለመለካት መጣች። ወለሉ መሐል ቆመች።

«ቀጥ ይበሉ፣ እትዬ» አለች እናቴ።

እናቴ ሜትሩን ትዘረጋለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አንብቤ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ደረት። ወገብ። ከቀኝ ትከሻ እስከ ወገብ።

«አርባ አንድ!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ በጩኸቴ ሳቀች፣ «ጎበዝ!» አለችኝ። የሞቅታዬን ነገር አትጠይቁኝ። ወዲያው ወደ ግራ ትከሻዋ ዞርኩ።

እናቴ ሜትሩን ያዘችው። «ተይው። አንዱ ይበቃል። ሜትር አይደል? የቀኙን ካወቀ የግራውን ያውቃል።»

«እሱን ነው የምልሽ!» አለች አክስቴ። «ጣጣ የለውም!»

የዚያን ሳምንት ቤታችን በመኪናዋ ድምፅ ተሞላ። እናቴ እየሰፋች ታንጎራጉር ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም። ደስ ደስ እያለኝ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣ ነበር። አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ ሳይ የአክስቴ ጥቁር ክር የለም። ሜትር ስላለ ክሩ አላስፈለገም፣ ተጣለ፣ ብዬ አሰብኩ። በሥልጣኔ ኮራሁ።

አክስቴ ቀሚሱን ልትሞክር የመጣችው ከምርቃቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። የእኛ መስታወት ከደብተር አይበልጥም፤ እኔ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ያዝኩላት። እናቴ ከኋላዋ ቆማ መዳፏን የአክስቴ ግራ ትከሻ ላይ አሳረፈች። አክስቴ ወዲያ ስትዞር አብራ ዞረች፣ ወዲህ ስትል ወዲህ አለች፤ እጇን አንድ ጊዜም አላነሳችም።

«እንዴት ነው?» አለች አክስቴ።

«እንዳዘዙት ነው። እንደ ሜትሩ።»

ያ እጅ ታየኝ። ታረቁ አልኩ። መኪናዋን ወስዳብን እንኳ እናቴ ይቅር ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት። ያ መዳፍ ግን የወደቀውን ጨርቅ ደግፎ የያዘ መዳፍ ነበር።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት አክስቴን ያለበሳት የእናቴ እጅ ነው። አክስቴ ስትቸኩል ትልቅ የአንገት ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። እናቴ ቀስ ብላ አነሳችላት።

«ይኼን ያህል የተለፋበትን ስፌት ይሸፍነዋል፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው» አለች አክስቴ፣ የአንገት ልብሷንም እኔ እንድይዝላት ሰጠችኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔና እናቴ ከኋላ ተቀመጥን። የአክስቴ ልጅ ሲጠራ ጭብጨባው ቀለጠ፣ አክስቴም ከፊት ወንበር ተነስታ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ የመድረኩን ደረጃ መውጣት ጀመረች። ያኔ ነው ሰው ሁሉ ያየው። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር፣ በጣም ዝቅ ያለ። ሳቲኑ እዚያ ጋ ተኮማትሮ እንደ ባዶ ከረጢት ወድቋል። አንገትጌው ወደ ጎን ሄዷል፤ የቀሚሱ ጫፍ በቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ሲያሳይ በግራ ደረጃውን ይጠርጋል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ረገጠችውና ተንገዳገደች። ከኋላችን አንድ ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ያ በአፍንጫ የሚለቀቅ የአዋቂዎች ሳቅ።

ፎቶ አንሺው ከመድረኩ ሥር ሆኖ ካሜራውን ደቀነ። ዝቅ አደረገው። እንደገና ደቀነ።

«እማማ፣ እስቲ ቀጥ ይበሉ!» አላት።

ተንጠራራች።

«ቀጥ! ወደ ግራ አዘነበሉብኝ፣ ቀጥ ይበሉ እንጂ!»

አዳራሹ ፈነዳ። አክስቴ ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፣ ልጇ መሬት መሬት ያያል። እኔ የአንገት ልብሷን ጨምድጄ ይዤ እናቴን አየኋት። አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስንዝሯን ዘርግታ ትሰበስባለች፣ ዘርግታ ትሰበስባለች።

ግቢው ውስጥ አክስቴ እየተንደረደረች መጣች። ሰው ከበበን።

«ምንድን ነው ያደረግሽኝ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ?» አለች እናቴ በለሰለሰ ድምፅ። «ሜትር አላነብ። የተነበበልኝን ነው የቆረጥኩት።»

የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። አክስቴ ጆሮዬን ያዘችኝ። የራሷን ትከሻ ስም ጠርታ ልትከስ አትችልም፤ እኔን መክሰስ ይቀል ነበር።

«ስንት ብለሽ ነው ያነበብሽው?»

«አርባ… አንድ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ወይስ ዝም ብለሽ ነው የቀባጠርሽው?»

ጆሮዬ እየተጠመዘዘ ምንም ነገር እርግጠኛ አልነበርኩም። አርባ አንድ ይሁን አርባ ሰባት፣ ሜትሩን ከየትኛው ጫፍ እንዳነበብኩ፣ ሁሉም ተምታታብኝ። «አላውቅም» አልኩና አለቀስኩ። እናቴን አየኋት። እናቴ መሬት አየች።

በማግስቱ ያው ሁለት ተሸካሚዎች መጡ። በዚህ ጊዜ ስለ ግድግዳው ማንም አልጮኸም፤ አንደኛው የመኪናዋ እግር የበሩን ጠርዝ ቧጥጦት አለፈ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ መኪናችንን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ጮክ ብዬ አላነበብኩም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲያወጣኝ ጠመኔውን ይዤ ዝም እላለሁ። በሂሳብ ወደቅኩ፣ አንድ ክፍል ደገምኩ። እናቴ በሻማ ብርሃን እጇን እየወጋች ስትሰፋ ባየሁ ቁጥር በዚያች አርባ አንድ ምክንያት ነው እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አሠልጣኙ፣ ጣቱ በጠመኔ የነጣ ሽማግሌ፣ ሜትር አንገቱ ላይ እንደጣለ «ሁል ጊዜ ሁለቱንም ትከሻ ለኩ» አለ። «ሁለት እኩል ትከሻ ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱን ለክቶ የቆረጠ ሰፊ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ጠላት ነው።»

ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። እናቴ ቤት ስደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትታገል ነበር።

«የአክስቴን የቀኝ ትከሻ ብቻ ያስለካሽኝ ሆን ብለሽ ነው?»

ቀና አላለችም። «ይኼን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብሽ?»

«ቁጥሬስ?»

«ልክ ነበር። ሁሉም ልክ ነበር። እኔ ቀድሜ በስንዝሬ አይቼው የለ?»

ያኔ ነው የነገረችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለአክስቴ ስትሰፋ ከግራ ትከሻው ሥር እጥፍ ጨርቅ እየደረበች፣ ጫፉን ሁለት ጣት እያሳጠረች ነው የሰፋችላት። ባለሁለት ጭራው ክር የዚያ ነበር። ለአባቴ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ሰው በተፈጠረበት አይሳቅም፣ ትል ነበር፤ አክስቴም ቀጥ ብላ በሰው መሐል የሄደችው በእናቴ ጣቶች ነው። መኪናዋን አሸክማ የሄደች ቀን የለበሰችው ቀሚስ እንኳ የእናቴ ነበር።

«በሜትር ስትለኝ ሰማኋት» አለች። «እሺ አልኩ። ሜትሩ ያለውን ሰፋሁላት፣ አንዲት ክር አልጨመርኩም።»

«በክሩ ብትሰፊላት ኖሮ እኮ መኪናዋ ትቀርልን ነበር! ቃል ገብታ ነበር!»

«የገዛ መኪናዬን በሽልማት ልቀበላት?» አለች፣ አሁን ቀና ብላ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ ወይም አይቼው አልገባኝም። «አንድ ሳምንት ሰፋሁባት። እያንጎራጎርኩ ሰፋሁባት። በቃኝ።»

«እኔስ?» አልኳት። «የእኔ ጆሮስ?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«ሁሉን ለክቼ ነበር» አለች። «ባንቺ ላይ እንደሚወድቅ ግን አልለካሁም።»

ወር ሙሉ አኮረፍኳት። ቂሜን ግን እሷ ላይ ማቆየት አልቻልኩም። ያንን ደረጃ፣ ያንን ፎቶ አንሺ ባሰብኩ ቁጥር፣ እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ተመልሼ ስሄድ እናቴ የቁልፎች ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን ከፍታ ጥቁሩን ክር ሰጠችኝ፤ ሁለት ጭራው እንዳለ ነው። ለምን እንደሰጠችኝ አልተናገረችም። እናቴ ካረፈች አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክሩ በኋላ በከፈትኩት የልብስ ስፌት ሱቄ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ባለፈው ወር የሱቄ በር ተከፈተና አክስቴ በከዘራ ገባች። አጥራለች፣ ከስታለች፣ የግራ ትከሻዋ የባሰውን ወርዷል። በላዩ ላይ ትልቅ የአንገት ልብስ ጥላለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለሱ ወጥታ አታውቅም ይባላል። ወንበር ሰጠኋት። የልጅ ልጇ ልታገባ ነው። ጨርቁን ከፌስታል አወጣች፤ ሐምራዊ ሳቲን።

«እንደ እናትሽ በእጅሽ ለኪኝ» አለችኝ። «ያቺ ክር ነበረቻት… አለች?»

ሳቲኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ያለፈው አለፈ» አለች። «ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ቁጥሩን ተሳሳትሽ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እሷ ግን ረስታ ብቻ አልቀረችም፣ ይቅርታም አደረገችልኝ! የጆሮዬ ሥር ጋለ። አንድ ዕድል ግን ሰጠኋት፤ ይኼን መዝግቡልኝ።

«ክሩ አለ፣ አክስቴ» አልኳት መሳቢያውን እየከፈትኩ። «ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። በእሱ ከሰፋሁልዎ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እንኳ የትከሻዎን ነገር አያውቅም። የእናቴ መኪናስ የት ናት?»

«የቷ መኪና?»

«ያቺ።»

ግንባሯን ቋጠረች። «እሷማ ሳሎን ናት፣ አበባ አስቀምጬባታለሁ። ምነው? የወንድሜ ማስታወሻ እኮ ናት!»

ከወንበሬ ተነሳሁ። መሳቢያውን በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ።

«ስንዝሩን አልተማርኩም፣ አክስቴ» አልኳት። «እኔ የማውቀው ሜትር ነው። ይነሱ፣ የአንገት ልብስዎን ያውልቁልኝ። ቀጥ ይበሉ።»

ከዘራዋን ይዛ በተቻላት መጠን ቀጥ አለች። ሜትሩን ከቀኝ ትከሻዋ እስከ ወገቧ ዘረጋሁ። ሁለት ሴንቲ አጥራለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ!» አልኩ፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ደንበኞች ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ጻፍኩት። የግራውን አልለካሁም።